ድምፅ የሚቆጠረው የት ነው?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ስድስት ጥያቄዎች ከጅማ ከተማና ከአካባቢዋ የተላኩ ሲሆኑ፣ ሁሉም የአሜሪካን ምርጫ፣ የፓርቲዎቹን አሠራርና የመራጩን ባሕርይ የሚመለከቱ ናቸው። መልሱን የማዘጋጀው እኔ በዚሁ በጅማ ለብዙ ዓመታት ሥነ ዜጋ ያስተማርኩ ነኝ። በእነዚያ ዓመታት እንዳስተዋልኩት ልጆቻችን የአሜሪካ ካርታ ለሪፐብሊካን ፓርቲ ቀይ፣ ለዴሞክራት ፓርቲ ሰማያዊ ሲቀባ ለማየት ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጋሉ፤ የእጩዎቹን ስም እንደ እግር ኳስ ተጫዋች ስም አቀላጥፈው ይጠራሉ፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ ያሳስበኛል፤ የሌላውን አገር የምርጫ ሥርዓት አጥርቶ ያወቀ ወጣት የራሱንም አገር ሥርዓት መመርመር ይጀምራልና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ጥያቄ፦ በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከዶናልድ ትራምፕ የበለጠ የሕዝብ ድምፅ አግኝታ ተሸነፈች ይባላል። ብዙ ድምፅ ያገኘ ሰው እንዴት ይሸነፋል? ምክንያቱ ኤሌክቶራል ኮሌጅ ነው ተብሎ ሰማሁ፤ ይህ ኮሌጅ ትምህርት ቤት ነው?
የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጅረን

መልስ፦ ልጄ፣ ኮሌጅ የሚለው ቃል እዚህ ላይ ጉባኤ ለማለት የገባ ነው። የጉባኤው አባላት 538 ወኪል መራጮች ሲሆኑ፣ ሁሉም በአንድ አዳራሽ ተገናኝተው አያውቁም። ሕዝቡ በኖቬምበር ከመረጠ በኋላ በዲሴምበር ወር በየግዛታቸው ዋና ከተማ ተሰብስበው ድምፃቸውን ይሰጣሉ፤ የተወካዮች ምክር ቤትንና ሴኔትን የያዘው ሕግ አውጪ አካል፣ ኮንግረስ፣ ደግሞ በጃንዋሪ 6 ያንን ድምፅ ቆጥሮ ውጤቱን ያጸናል። ከ538ቱ 270 ያገኘ ሰው ፕሬዚዳንት ይሆናል። አንድ ግዛት የሚያገኘው የወኪል መራጭ ብዛት በተወካዮች ምክር ቤት ያለው መቀመጫ ከሁለቱ የሴኔት መቀመጫዎቹ ጋር ተደምሮ ነው። ስለዚህ ካሊፎርኒያ ዛሬ 54፣ ቴክሳስ 40፣ የሕዝቧ ቁጥር ከሁሉም የሚያንሰው ዋዮሚንግ ደግሞ 3 አላቸው። ግዛት ያልሆነችው ዋና ከተማዋ ዋሽንግተንም በ1961 በጸደቀ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ 3 ተሰጥቷታል።

ነገሩ የሚገባሽ ግን ቡና ቀርቦ ሳለ በእጅሽ ብትሞክሪው ነው፤ እኔም ክፍል ውስጥ የማስተምረው በዚህ መንገድ ነበር። አምስት ሲኒ ደርድሪ። በእያንዳንዱ ሲኒ ዘጠኝ ዘጠኝ ፍሬ ቡና አድርጊ፤ ጥሬው ፍሬ የአንዱ እጩ፣ የተቆላው የሌላው እጩ ድምፅ ይሁን። በሦስቱ ሲኒዎች አምስት ጥሬና አራት የተቆላ፣ በቀሩት በሁለቱ ደግሞ ዘጠኙንም የተቆላ አድርጊ። አሁን ሁሉንም ስፌድ ላይ ገልብጠሽ ብትቆጥሪ የተቆላው 30፣ ጥሬው 15 ነው፤ እጥፍ በእጥፍ ይበልጣል። ሲኒ በሲኒ ከቆጠርሽ ግን ጥሬው ሦስት ሲኒ፣ የተቆላው ሁለት ሲኒ አሸንፏል። አሜሪካኖች ፕሬዚዳንት ሲመርጡ የሚቆጥሩት እንዲህ ሲኒ በሲኒ ነው። በ48 ግዛቶችና በዋሽንግተን ከተማ በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠው እጩ የግዛቱን ወኪል መራጮች ጠቅልሎ ይወስዳል። ከዚህ ልማድ የወጡት ሜይንና ነብራስካ ብቻ ናቸው፤ እነርሱ ከፊሉን በምርጫ ክልል ይከፋፍሉታል።

በ2016 የሆነውም ይኸው ነው። ሂላሪ ክሊንተን በአገር አቀፍ ደረጃ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ድምፅ በልጠው ነበር፤ በካሊፎርኒያ ብቻ ብልጫቸው ከ4 ሚሊዮን አልፏል። ሆኖም በካሊፎርኒያ በአንድ ድምፅ መብለጥና በ4 ሚሊዮን መብለጥ የሚያስገኘው የወኪል መራጭ ቁጥር አንድ ነው። ዶናልድ ትራምፕ በበኩላቸው ሚሺጋንን፣ ዊስኮንሲንንና ፔንሲልቬኒያን አሸነፉ፤ በሦስቱ ግዛቶች ያገኙት ብልጫ ተደምሮ 80 ሺህ እንኳ አይሞላም። በ2000 ደግሞ ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን ያሸነፉት በፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ነው። በ2020 ጆ ባይደን በአገር አቀፍ ከ7 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ቢበልጡም፣ በጆርጂያ፣ በአሪዞናና በዊስኮንሲን የነበራቸው ከ43 ሺህ ያነሰ ብልጫ ወደ ሌላው ወገን ዞሮ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም እጩዎች እኩል 269 ያገኙ ነበር። እንዲህ ያለ እኩልነት ቢፈጠር ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ በዚያም ጊዜ የእያንዳንዱ ግዛት ተወካዮች በጋራ የሚሰጡት አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዋዮሚንግና ካሊፎርኒያ እኩል ይሆናሉ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ተደረገ ለሚለው፣ መነሻው በ1787 በፊላደልፊያ ሕገ መንግሥቱን የጻፉት ሰዎች ያደረጉት ድርድር ነው። ትናንሾቹ ግዛቶች በትልልቆቹ እንዳይዋጡ ይፈልጉ ነበር። የደቡብ ግዛቶች ደግሞ መምረጥ የማይፈቀድላቸውን ባሪያዎች አምስት ሆነው እንደ ሦስት ሰው ለውክልና እንዲቆጠሩላቸው አስወስነው ስለነበር፣ በቀጥታ የሕዝብ ድምፅ ቢመረጥ ይህን ጥቅም ያጡ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ምክንያት መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ሲያልፉት አይቻለሁ፤ ሊታለፍ ግን አይገባውም። እንግዲህ የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እንደ አንድ ምርጫ ሳይሆን በአንድ ቀን እንደሚካሄዱ 51 ምርጫዎች አድርገሽ ያዢው። በ2024 እጩዎቹ ገንዘባቸውንና ጉልበታቸውን ያፈሰሱት በሰባት ወሳኝ ግዛቶች ነበር፤ እነርሱም ፔንሲልቬኒያ፣ ጆርጂያ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ሚሺጋን፣ አሪዞና፣ ዊስኮንሲንና ኔቫዳ ናቸው። ትራምፕ ሰባቱንም አሸንፈው 312 ለ226 ረቱ፤ በዚያ ዓመት በሕዝብ ድምፅም በልጠዋል።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ምርጫ ሁልጊዜ ማክሰኞ የሚሆነው ለምንድን ነው?
ነጋዴ፣ ከጅማ መርካቶ

መልስ፦ በ1845 የወጣ ሕግ ምርጫው በኖቬምበር ከመጀመሪያው ሰኞ ቀጥሎ በሚውለው ማክሰኞ እንዲካሄድ ደነገገ። ጊዜው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት መገባደጃ ላይ ይውላል። ያን ጊዜ አብዛኛው መራጭ ገበሬ ስለነበረ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ የበረዶው ክረምታቸው መንገዱን ሳያበላሸው እንዲሆን ተፈለገ። እሑድ የጸሎት ቀን ነው፤ ወደ ምርጫ ጣቢያ ለመድረስ በፈረስ ጋሪ አንድ ቀን መጓዝ የሚያስፈልገው ሰው ስለነበር ሰኞም አይመችም፤ ረቡዕ በብዙ ቦታ የገበያ ቀን ነው። እርስዎ ለሐሙስ ገበያ ከማና፣ ከሰቃና ከቀርሳ የሚመጣውን ሕዝብ ስለሚያውቁት፣ ሰውን ከገበያው ለይቶ ለሌላ ጉዳይ መጥራት ምን ያህል እንደሚከብድ ልነግርዎት አያስፈልግም። ዛሬ ገበሬው ከሕዝቡ ጥቂቱ ሆኖ ሳለ ቀኑ አልተለወጠም፤ በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት በዓልም አይደለም። በዚህ ምክንያት ከቀኑ በፊት መምረጥና በፖስታ መምረጥ ተስፋፍቷል፤ በወረርሽኙ ዓመት በ2020 ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፁን የሰጠው ከምርጫው ቀን አስቀድሞ ነበር።

ጥያቄ፦ ያን በሚያህል አገር ሁለት ፓርቲ ብቻ መኖሩ ይገርመኛል። ሦስተኛ ፓርቲ በሕግ ተከልክሏል? ደግሞስ በእነዚህ ፓርቲዎች አባል የሚኮነው እንዴት ነው?
የቡና አቅራቢ፣ ከአጋሮ

መልስ፦ አልተከለከለም። ከዴሞክራትና ከሪፐብሊካን ሌላ ፓርቲዎች አሉ፣ ይወዳደራሉም። የሚያደክማቸው የድምፅ አቆጣጠሩ ነው። አንድ የምርጫ ክልል አንድ መቀመጫ ብቻ ካለውና መቀመጫውን የሚወስደው በድምፅ የበለጠው ሰው ብቻ ከሆነ፣ ሁለተኛ የወጣውም ሦስተኛ የወጣውም ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። መራጩ ይህን ሲያይ ልቡ የወደደውን ትንሽ ፓርቲ ትቶ ከሁለቱ ትልልቆች ወደሚሻለው ያዘነብላል። በእኛ አገርም ለተወካዮች ምክር ቤት የምንመርጠው በዚሁ የአብላጫ ድምፅ ስልት ስለሆነ፣ ድምፄ ባክኖ ይቀራል የሚለው ስጋት ለእርስዎም እንግዳ አይመስለኝም።

ይህን የሚያሳዩ ሁለት ሰዎች አሉ። በ1992 ሮስ ፔሮ የተባሉ ባለሀብት በግል ተወዳድረው ወደ 19 በመቶ የሚጠጋ የሕዝብ ድምፅ አገኙ፤ ከአምስት መራጮች አንዱ ያህል መረጣቸው ማለት ነው። ወኪል መራጭ ግን አንድም አላገኙም። በ1968 ጆርጅ ዋላስ ከዚያ ባነሰ፣ በ13.5 በመቶ ድምፅ፣ 46 ወኪል መራጭ አገኙ። ልዩነቱ የፔሮ ደጋፊ በአገሪቱ ሁሉ እንደ ጤፍ የተበተነ፣ የዘር መለያየትን ይደግፉ የነበሩት የዋላስ ደጋፊዎች ደግሞ በደቡብ የተከማቹ መሆናቸው ነው። ድምፅዎ የት ቦታ እንደተከማቸ ብዛቱን ያህል ይወስናል።

ወደ አባልነት ስንመጣ፣ እዚህ ያለን ልምድ ሊያሳስተን ይችላል። በአሜሪካ የፓርቲ አባል ወርኃዊ መዋጮ አይከፍልም፣ ስብሰባ አይጠራም፣ ግምገማ አይቀመጥም። በብዙ ግዛቶች ለመራጭነት ሲመዘገብ ቅጹ ላይ የፓርቲውን ስም ምልክት ያደርጋል፤ አባልነቱ ያ ነው። እንደ ቴክሳስና ጆርጂያ ባሉ ግዛቶች ደግሞ ይህም አይጠየቅም። እንዲህ ልል የሆነ ፓርቲ እጩውን የሚመርጠው በቅድመ ምርጫ ነው። ቅድመ ምርጫው በአንዳንድ ግዛት ለተመዘገበ አባል ብቻ፣ በሌላው ለማንኛውም መራጭ ክፍት ነው። እስከ 1968 ድረስ የፕሬዚዳንት እጩን በአብዛኛው የሚወስኑት በጉባኤ የሚሰበሰቡት የፓርቲ ሹማምንት ነበሩ። በዚያ ዓመት ዴሞክራቶች ቺካጎ ላይ በአንድም ቅድመ ምርጫ ያልተወዳደሩትን ሂዩበርት ሃምፍሪን ሲያጩ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ ሕጉም ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ፓርቲ ማቋቋም የሚያስፈልገው ክርክር በትልልቆቹ ፓርቲዎች ውስጥ ይካሄዳል። በግል የተመረጡት ሴናተር በርኒ ሳንደርስ በ2016ና በ2020 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ነው፤ ከዚያ በፊት የመንግሥት ሥልጣን ይዘው የማያውቁት ትራምፕም የሪፐብሊካንን እጩነት የወሰዱት በዚሁ በር ገብተው ነው። ችግሩ ለቅድመ ምርጫ የሚወጣው ሰው ጥቂትና አቋሙ የጠነከረ መሆኑ ነው። እጩው መጀመሪያ እነዚህን ደስ አሰኝቶ፣ ኋላ ሌላውን ሕዝብ ማግባባት ይጠበቅበታል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፓርቲዎቹ ስም ከመቶ ዓመት በላይ ሳይለወጥ መቆየቱ ይዘታቸውም ያው እንደሆነ እንዳያስመስልብዎት። በ1854 የተመሠረተው ሪፐብሊካን ፓርቲ የባርነት መስፋፋትን የሚቃወም የሰሜን ፓርቲ ነበር፤ አብርሃም ሊንከን በ1860 የተመረጡት በእርሱ ነው። ደቡብ በበኩሉ ለዘመናት የዴሞክራቶች ምሽግ ነበር። ጥቁር አሜሪካውያን በ1930ዎቹ፣ በፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን፣ ወደ ዴሞክራት አዘነበሉ። በ1964 ሊንደን ጆንሰን የሲቪል መብት ሕጉን ሲፈርሙ ደግሞ የደቡብ ነጮች ከዴሞክራት መራቃቸው ተፋጠነ። ቴክሳስ ለፕሬዚዳንትነት ዴሞክራት የመረጠችው ለመጨረሻ ጊዜ በ1976 ነው፤ ዛሬ የዴሞክራት የምትባለው ካሊፎርኒያም እስከ 1988 ድረስ ለሪፐብሊካን ትመርጥ ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ በዲቪ አሜሪካ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቨርጂኒያ ይኖራል። መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ ለመራጭነት ትመዘገባለህ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥ ይችላል?
እናት፣ ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ እናታችን፣ አይችልም። እባክዎን ይህን ሳይውሉ ሳያድሩ ይንገሩት። ፕሬዚዳንትና የኮንግረስ አባላት በሚመረጡበት ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችለው ዜግነት ያለው ሰው ብቻ ሲሆን፣ በ1996 በወጣ ሕግ ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ወንጀል ነው። ለእስራት ሊዳርግ፣ ከአገር ሊያስባርር፣ ኋላም ዜግነት ሊያስከለክል ይችላል። የተጠየቀውም ሊያጠምዱት ፈልገው አይደለም። በ1993 የወጣ ሕግ የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቶች ለሚመጣው ሰው የመራጭነት ምዝገባ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ሠራተኛው ሁሉንም ይጠይቃል፣ ዜጋ ነኝ ብሎ የፈረመው ግን ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል። ልጅዎ ዜጋ አይደለሁም ብሎ ካለፈ ምንም ስጋት የለበትም። ሳያውቅ ፈርሞ ከሆነ የዜግነት ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። ግሪን ካርድ ካገኘ አምስት ዓመት ሲሞላው ለዜግነት ማመልከት ይችላል፤ ቃለ መሐላ የፈጸመ ዕለት ለመራጭነት መመዝገብ መብቱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ መራጩ ውሳኔውን የሚወስነው በምን ላይ ተመሥርቶ ነው? ፖሊሲ አንብቦ፣ እጩውን አይቶ ወይስ ዘሩንና ሃይማኖቱን ተከትሎ?
የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ከሰማንያ ዓመት በላይ የተጠና በመሆኑ ከአንድ ገጽ የሚበልጥ መልስ ይገባዋል፤ ዋና ዋናውን ልንገርህ።

በ1940 ተመራማሪዎች በኦሃዮ ግዛት፣ ኢሪ በተባለ አውራጃ፣ ከሜይ እስከ ኖቬምበር ወር እየተመላለሱ ያንኑ 600 ሰው ደጋግመው ጠየቁ። የጠበቁት ሬዲዮና ጋዜጣ የሰውን ሐሳብ ወዲያና ወዲህ ሲገለብጡ ለማየት ነበር። ያገኙት ሌላ ሆነ። አብዛኛው ሰው ዘመቻው ሳይጀመር ወገኑን ለይቷል፤ ሐሳቡን የለወጠውም ጥቂት ሰው ብዙ ጊዜ የለወጠው በቅርብ የሚያምነው ሰው አነጋግሮት ነው። ጋዜጣውን በትጋት የሚያነብ አንድ ጎረቤት አለ፤ ሌላው የሚሰማው ከእርሱ ነው። እኛ ዘንድ ቡና ላይ ተቀምጦ ዜናውን የሚተነትነውን ሰው አስበው። ሦስተኛው ቡና እስኪፈላ ድረስ ከሬዲዮው የተሰማው ወሬ የርሱን ትርጉም ይዞ በየቤቱ ይገባል። በዚያም አገር እንዲሁ ሆኖ ተገኘ።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ባካሄዱት ጥናት ደግሞ ከሁሉ የጠነከረው ነገር የፓርቲ ወገንተኝነት መሆኑ ታየ። አሜሪካዊ ፓርቲውን በአብዛኛው ከወላጆቹ ይወርሳል፤ እጩውንም፣ ኢኮኖሚውንም፣ ክርክሩንም የሚያየው በዚያ መነጽር ነው። ዛሬ ከአሥር አሜሪካውያን አራት ያህሉ ራሳቸውን ገለልተኛ ይላሉ። ጠበቅ አድርገህ ስትጠይቃቸው ግን አብዛኞቹ ወደ አንዱ ፓርቲ እንደሚያዘነብሉ ይናገራሉ፤ የሚመርጡትም እንዳዘነበሉት ነው። እውነተኛው ወላዋይ መራጭ ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ በወሳኞቹ ግዛቶች ያ ጥቂት ነው ውጤቱን የሚቀይረው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው መራጩን ሲወቅስ እሰማለሁ፤ ፖሊሲ ሳያነብ በፓርቲ ስም ብቻ ይመርጣል ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የአሜሪካን የድምፅ መስጫ ወረቀት ናሙና አንድ ጊዜ በእጄ ይዤ አንብቤዋለሁ። ከላይ ፕሬዚዳንት፣ ቀጥሎ ሴናተር፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባል፣ ከዚያ የግዛቱ ምክር ቤት፣ የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ፣ ዳኞች፣ የትምህርት ቤት ቦርድ፣ በመጨረሻም በጀርባው በኩል ብድር ይፈቀድ አይፈቀድ የሚል የሕዝበ ውሳኔ ጥያቄ በደቂቅ ፊደል ተጽፏል። አንድ ነርስ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ ይህን ሁሉ ስም አጥንታ ልትመጣ አትችልም። ከስሙ አጠገብ የተጻፈችው የፓርቲ ስም፣ እዚህ ማንበብ ለማይችለው መራጭ የምርጫ ምልክት የሚሰጠውን ዓይነት አገልግሎት ትሰጣታለች። ሰውየውን ባታውቀውም ከእነማን ጋር እንደሚቆም ትነግራታለች።

ከወገንተኝነት ቀጥሎ የሚመጣው ኑሮ ነው። ሮናልድ ሬገን በ1980 ከፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ጋር ባደረጉት ክርክር ማብቂያ ላይ፣ ዛሬ ከአራት ዓመት በፊት ከነበራችሁበት ይሻላችኋል ወይ ብለው ሕዝቡን ጠየቁ። የዋጋ ንረቱ ከ10 በመቶ በላይ ነበርና ሕዝቡ መልሱን ያውቅ ነበር፤ ሬገን 44 ግዛቶችን አሸነፉ። በ2022 አጋማሽ የዋጋ ንረቱ 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በ2024 ምርጫ ጊዜ ወደ 3 በመቶ ገደማ ቢወርድም ገዢው ፓርቲ አልዳነም። ንረቱ ቀነሰ ማለት ዋጋው ወረደ ማለት እንዳልሆነ፣ መርካቶ ሄዶ ጤፍ የሸመተ ሁሉ ያውቀዋል።

ዘርና ሃይማኖትን ጠይቀሃል። አዎን፣ ይታያሉ። ከጥቁር አሜሪካውያን መራጮች ከአሥር ስምንት የሚሆኑት፣ በአንዳንድ ዓመት ከዚያም በላይ፣ ለዴሞክራት ይመርጣሉ፤ ነጭ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች በተመሳሳይ ብዛት ለሪፐብሊካን ይመርጣሉ። ከ1980 ጀምሮ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ወደ ዴሞክራት ያደላሉ። በቅርብ ዓመታት ከሁሉ የጎላው ልዩነት ግን ትምህርት ነው። ቀድሞ የፋብሪካ ሠራተኛው የዴሞክራት፣ ዲግሪ ያለው ደግሞ የሪፐብሊካን ነበር፤ ዛሬ በተለይ በነጮች ዘንድ ይህ ተገልብጧል። ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬኒያ በ2012 ኦባማን መርጠው በ2016 ወደ ትራምፕ የዞሩበት አንዱ ምክንያት ዲግሪ የሌለው ነጭ ሠራተኛ መዞሩ ነው። ከተማና ገጠርም እንዲሁ ተለያይተዋል፤ በአንዲት ግዛት ውስጥ ትልቁ ከተማ ሰማያዊ፣ ዙሪያው ቀይ ሆኖ ታያለህ።

ተማሪዎች የሚዘነጉት ግን ምርጫ የሚወሰነው ማን ሐሳቡን ለወጠ በሚለው ብቻ ሳይሆን ማን ከቤቱ ወጣ በሚለውም መሆኑን ነው። የ2020 ተሳትፎ ከ1900 ወዲህ ከፍተኛው ነበር ሲባል፣ መምረጥ ከሚችለው ሰው 66 በመቶ ያህሉ መረጠ ማለት ነው፤ ሲሶው ቀርቷል። ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት በ2014 የመረጠው ከ40 በመቶ ያንሳል። የሚቀረው ይበልጡን ወጣቱ፣ ኪራይ ቤት የሚቀያይረውና ገቢው ዝቅተኛ የሆነው ነው። ከሰሜን ዳኮታ በቀር በሁሉም ግዛት መራጭ መመዝገብ አለበት፤ ቤቱን የለወጠም ምዝገባውን ማስተካከል ይጠበቅበታል። አንተ ዘንድሮ በዶርም፣ ከርሞ በኪራይ ቤት የምትኖር ተማሪ ብትሆን በየጊዜው ይህን ማስታወስ ነበረብህ። ጡረተኛው ግን ሠላሳ ዓመት ከአንድ ቤት አልወጣም፤ ስሙ መዝገቡ ላይ አለ፣ ጣቢያውንም ያውቀዋል። ፖለቲከኞች ከወጣቱ የትምህርት ብድር ይልቅ ስለ ጡረታ ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ የሚለው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የምርጫ ክልል ካርታ በመሳል ብቻ ማሸነፍ ይቻላል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?
መምህር፣ ከሰቃ ጨቆርሳ

መልስ፦ እውነት ነው፤ ለዚህም ለጅረኗ ተማሪ የነገርኳትን አምስት ሲኒ እንደገና ማንሣት ይበቃናል። የተቆላው 30፣ ጥሬው 15 ነበር፤ በዚያ አደራደር ጥሬው ሦስት ለሁለት አሸነፈ። አሁን አንድም ፍሬ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ በእያንዳንዱ ሲኒ ስድስት የተቆላና ሦስት ጥሬ ያድርጉ። የተቆላው አምስቱንም ወሰደ። የፍሬው ቁጥር ያው ነው፤ የተለወጠው ያከፋፈሉት እጅ ነው። የተቃዋሚን ደጋፊ በጥቂት ክልል አጭቆ ማባከን፣ ወይም በየክልሉ በትኖ አናሳ ማድረግ፣ ሁለቱ ስልቶች እነዚህ ናቸው። ስሙ ጄሪማንደሪንግ ይባላል። በ1812 የማሳቹሴትስ ገዥ የነበሩት ኤልብሪጅ ጄሪ የፈረሙት ካርታ አንዱ ክልል ሳላማንደር የተባለውን እንሽላሊት መሰል ፍጥረት ስለመሰለ፣ ጋዜጠኞች የሰውየውን ስም ከእንስሳው ስም ጋር አጣመሩት።

የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት 435 መቀመጫ ያለው ሲሆን፣ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ሲቆጠር መቀመጫው ለግዛቶች እንደገና ይደለደላል። ከ2020 ቆጠራ በኋላ ቴክሳስ ሁለት ስትጨምር ካሊፎርኒያ አንድ አጥታለች። ካርታውን በአብዛኛው ግዛት የሚስለው የግዛቱ ምክር ቤት ነው፤ ማለትም ከካርታው የሚጠቀሙት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ፣ ለፓርቲ ጥቅም ተብሎ የተሳለ ካርታን የፌደራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙ አይችሉም ብሎ ወሰነ። እንደ አሪዞና፣ ካሊፎርኒያና ሚሺጋን ያሉ ግዛቶች ሥራውን ከምክር ቤት አውጥተው ለገለልተኛ ኮሚሽን ሰጥተው ነበር፤ እኔ ይህን ትክክለኛው መንገድ ብዬ አስተምር ነበር። ሆኖም በ2025 የቴክሳስ ሪፐብሊካኖች ቆጠራ ሳይጠብቁ ተጨማሪ መቀመጫ የሚያስገኝላቸውን አዲስ ካርታ ሲያጸድቁ፣ በካሊፎርኒያ ዴሞክራቶች በኖቬምበር ሕዝበ ውሳኔ አካሂደው የኮሚሽኑን ካርታ ለጊዜው ወደ ጎን አደረጉት። በሁለቱም ግዛቶች አዲሶቹ ካርታዎች የታሰቡት በኖቬምበር 3 ቀን 2026፣ በእኛ ጥቅምት 24 ቀን 2019፣ ለሚካሄደው የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ነው።